በወረርሽኝ ጊዜ ለቅሶ እንዴት እንድረስ?

(የመረዳጃ ማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ለነዋሪው ያሰማው ንግግር ነው፤ በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሙሉ ተለጥፏል።)



እንደምታውቁት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ አንድ አዲስ አንቀጽ እንዲገባ ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቧል። አንቀጹ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ የሚናገር ነው። ወሬው ከተሰማ ወዲህ «ምነው፣ ሟርት ነው እንዴ?» ያሉን አሉ። «ኮሮና ካለፈ ስንት ዓመቱ! አሁን ምን አስታወሳችሁ?» ያሉንም አሉ። ስለዚህ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

እስቲ ወደ 2012 ዓ.ም. እንመለስ። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይረሳል? የነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚና የዝንጅብል ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ አልኮልና የአፍ መሸፈኛ በየፋርማሲው ተፈልጎ ጠፋ፤ ዋጋ ያናሩ ሱቆች እስከ መታሸግ ደረሱ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ይዘጋ ተባለ። መጋቢት 27 በበሽታው የመጀመሪያው ሞት ተሰማ፤ በሦስተኛው ቀን፣ ማለትም መጋቢት 30፣ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ማስፈጸሚያ ደንቡ መጨባበጥን ከለከለ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብን ከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን አዘዘ፤ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር አገደ። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ነበር። ቀላል አይደለም።

ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? ብዙ ጊዜ «ሕዝቡ እኮ አልሰማ ብሎ ነው» ሲባል እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። ሕዝቡ ሰምቷል። ዘመድ ጋ ስልክ ስንደውል እንኳ ከጥሪው በፊት ስለ በሽታው የሚናገረው ድምፅ ይቀድም አልነበር? በ8335 እየደወለ የጠየቀውም ብዙ ነው። መስማቱንስ ሰምቷል፤ ያጣው ማድረጊያውን ነው።

«ራቅ ራቅ በሉ» ተባለ። በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ፣ አንዱን መጸዳጃ ቤትና አንዱን የውኃ ቧንቧ ግቢው በሙሉ የሚጠቀምበት ነዋሪ ከማን ይራቅ? መንግሥትም ቢሆን ነገሩን ያውቀው ስለነበር እንደ ሌላው አገር ሙሉ በሙሉ ከቤት አትውጡ አላለም፤ ቤት የሌለው ብዙ መሆኑ፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን ወጥቶ የሚያገኝ መሆኑ በወቅቱ ተነግሯል። ታክሲ በግማሽ ይጫን ሲባል ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ወንበሩ ላይ ርቀት ተጠበቀ፤ ሰልፉ ላይ ግን ታክሲ ፍለጋ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ቆምን። ሲመሽ ደግሞ ትርፍ ይጫንና «ትራፊክ አለ፣ ዝቅ በሉ!» ይባላል። የአፍ መሸፈኛውም ነገር እንዲሁ ነው፤ አገጭ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ሆኖ ቀረ። አንዱ ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ በር ላይ ለቆመው ጓደኛው አውልቆ ሲያውሰው ያየን አለን። ይህ እንግዲህ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ ዘበኛው ያየው ዘንድ የተደረገ ጭምብል ከበሽታ አያድንም።

በሌላ በኩል ደግሞ የተከበረውን እንይ። የ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ስንቱ ምእመን ነው ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተለ እቤቱ የጾመውን የፈታ! ግንቦት 16 ደግሞ የኢድ ሶላት በየቤቱ ተሰገደ። ዘመኑን ሙሉ በዓሉን ከሕዝብ ጋር ሲያከብር የኖረ ሰው ይህን ካደረገ የማይሰማ ሊባል አይገባም። ለምን ተሳካ ቢሉ፣ የሃይማኖት አባቶች «አትምጡ» ብቻ ብለው አልተዉትም፤ «በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ አድርጋችሁ ቤታችሁ ጸልዩ» ብለው መንገዱን አሳዩት። ሰላምታውም እንደዚያው ነው። መጨባበጡ ሲቀር ክርን ለክርን መነካካቱ ለሽማግሌዎቻችን ስድብ መስሎ ታያቸው እንጂ፣ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለቱ ወዲያው ተለመደ። መለመዱም አይገርምም፤ አያቶቻችን እጅ ሲነሱ ማንንም አይነኩም ነበር።

አሁን ወደ ለቅሶው እንምጣ፤ የዛሬው ዋና ጉዳያችን እሱ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የከበደው የለቅሶው ነገር ነበር። ሰዉ በሽታውን ይፈራል፤ ከበሽታው ይልቅ ግን ያለ ቀባሪ፣ ያለ አልቃሽ መሞትን ይፈራል። ይህን ፍርሃት ማንም በድምፅ ማጉያ ሊያስወጣው አይችልም። በዚያ ላይ የራሳችን ደንብ አለ። ደንባችን ቀብር ያልወጣ አባል መቀጮ ይከፍላል ይላል። የመንግሥት ደንብ ደግሞ የተሰበሰበውን ይቀጣል። የሄደ እዚያ ይቀጣል፣ የቀረ እዚህ ይቀጣል! በወቅቱ መቀጮው በቃል ታገደ፤ በጽሑፍ ግን የተያዘ ነገር የለም። ከዚህም የተነሣ በመዝገቡ ላይ ስማቸው በዕዳ የተያዘ አባላት ዛሬም አሉ፤ አንዳንዶቹም «ሕግ ባከበርን!» ብለው ከማኅበሩ ጋር ተኳርፈዋል። ደንቡ እስከ ዛሬ እንደነበረ ነው።

በየቦታው የሆነውን ደግሞ አስተውሉ። ደጅ ላይ ድንኳን መትከል ሲከለከል ለቅሶው አልቀረም፤ ወደ ሳሎን ገባ። ፖሊስ እንዳያይ በር ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፤ ሰዉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ያለቅሳል። ኮሮና ደግሞ በይበልጥ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ጮኾ የሚናገር፣ የሚያለቅስ፣ የሚያስል ሰው የሚያወጣው ደቃቅ ነጠብጣብ አየሩ ላይ ይቆያል፤ ሌላው ይስበዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ትምህርቱ ሁሉ ስለ እጅ መታጠብ ነበር፤ የአየሩ ነገር በሚገባ የተነገረን በኋላ ነው። እንግዲህ ጎኑ የተገለጠ ድንኳን ሜዳ ላይ ቢተከል፣ ወንበሩም ራቅ ራቅ ቢል፣ ከተዘጋው ሳሎን እጅግ የተሻለ ነበር። ክልከላው ለቅሶን ያጠፋ መስሎት ለበሽታው ወደሚመች ቦታ ወሰደው ማለት ነው።

በዚሁ ሰፈር ግን የሚያኮራ ነገርም አይተናል። በዚያው ክረምት አንዲት እናት አርፈው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ በየራሱ በር ላይ ቆሞ፣ አስከሬኑ በመንገዱ ሲያልፍ አልቅሶ ሸኘ። ማንም ማንንም አልነካም። እዝኑም በተራ፣ በቀን ሦስት ቤት እየሆነ፣ በር ላይ ተቀመጠ፤ ሐዘንተኞቹ ወጥተው ወሰዱ። ይህን ያዘዘ አካል አልነበረም። ከእናቶች አንዷ «እኛው በተራ እናድርገው» አሉ፣ ሆነ። አሜሪካ ያለችው ልጅ በስልክ ምስል አይታ አለቀሰች። እኛ ረቂቁን ስንጽፍ ከዚያ ለቅሶ የወሰድነው ብዙ ነው።

«ያ አለፈ» ለምትሉን፣ አዎ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ አስቸኳይነቱ ማብቃቱን አስታውቋል። ከ7,500 በላይ ወገኖቻችን ተመርምረው በታወቀው ቁጥር ብቻ ካለፉ በኋላ ማለት ነው። ወረርሽኝ ግን አንዴ መጥቶ የሚቀር እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ፣ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ 10,000 የሚገምቱትን ሰው ፈጅቷል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው የዚያ መታሰቢያ ነው። (ፕላስቲክና የመኪና ጎማ ማጨሱን ግን ለሳንባችን ስንል ብንተወው፤ በእሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።)

ሩቅ ነው እንዳትሉ፣ በ2018 ዓ.ም. በዚያው በኅዳር ወር በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጂንካ፣ የማርበርግ በሽታ መግባቱ ተነግሯል። ማርበርግ እንደ ኮሮና በአየር የሚዛመት አይደለም። በታመመው ሰው ደም፣ ትውከት፣ ላብና በመሰለው ፈሳሽ ይተላለፋል፤ ከሞተም በኋላ አስከሬኑ ያስተላልፋል። እንግዲህ ልዩነቱን ልብ በሉ። በኮሮና ጊዜ ያሰጋው የቋሚው መሰብሰብ ነበር። በእንደዚህ ያለው በሽታ ጊዜ የሚያሰጋው አስከሬኑን ማጠቡ፣ መገነዙ፣ ተደፍቶ መሳሙ ነው። አንድ ደንብ ለሁለቱም አይሆንም፤ «አትሰብሰቡ» የሚል ቃል ብቻ ይዘን ብንቀመጥ ሁለተኛው በገባ ጊዜ ተራርቀን ቆመን፣ ተራ በተራ ገብተን አስከሬን ልንስም ነው።

ስለዚህ ረቂቁ እንዲህ ይላል። ወረርሽኝ መግባቱን የሚወስነው ኮሚቴው አይደለም፤ ጤና ጥበቃ ነው። እሱ ባስታወቀበት ቀን የቀብርና የለቅሶ መቀጮ ያለ ስብሰባ፣ ያለ ክርክር ይቆማል፤ ይህም በመዝገብ ይጻፋል። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ከሆነ ድንኳኑ ጎኑ ተገልጦ ይተከላል፣ ጎረቤት በተራ ይደርሳል፣ እዝን በር ላይ ይቀመጣል። በንክኪ የሚተላለፍ ከሆነ አስከሬኑን የሚያዘጋጁት የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች ብቻ ናቸው፤ ቄሱም ሆኑ ሼኹ፣ ቤተሰቡም፣ ራቅ ብለው ቆመው የሚገባውን ጸሎት ያደርሳሉ። እዚህ ላይ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም አባቶች አነጋግረናል፤ ሁለቱም ወገን ጸሎቱ እስካልቀረ ድረስ ተቃውሞ እንደሌላቸው ነግረውናል። ወረርሽኙ ሲያልፍ ማኅበሩ አንድ ቀን ቆርጦ ድንኳኑን ይተክላል፤ በዚያ ጊዜ በቅጡ ያልተለቀሰላቸው ሁሉ በስማቸው ተጠርተው ይለቀስላቸዋል። ሐዘኑ ተቆርጦ አይቀርም፤ ለጊዜው ይቆያል እንጂ።

በኮሚቴው ውስጥ ያልተስማማንበት አንድ ነጥብ አለ፤ አንደብቃችሁም። ድንኳን ሳይተከል፣ ንፍሮም ሳይቀቀል ሲቀር ወጪው የት ይሂድ? ከፊላችን ወደ ማኅበሩ ካዝና ይመለስ ይላል፤ ወረርሽኝ ሲሆን ሞቱ ይበዛልና ካዝናው ይራቆታል የሚል ሥጋት አለው። ሥጋቱ ትክክል ነው። አብዛኞቻችን ግን ለሐዘንተኛው ቤት በጥሬ ገንዘብ ይሰጥ እንላለን፤ በ2012 ሥራው የቆመበት፣ ኪራይ ያጠረው፣ በዚያ ላይ ሰው የሞተበት ቤት ስንት እንደነበር የምናውቀው እኛው ነንና። ውሳኔው የጉባኤው ነው።

ሟርት ነው ላላችሁን ደግሞ፣ በየወሩ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ሄደን መዋጮ የምንከፍለው ለምንድን ነው? ገና ላልሞተ ሰው እኮ ነው። ድንኳኑ መጋዘን ተጣጥፎ፣ ብረት ድስቱ ታጥቦ የተቀመጠው ገና ላልመጣ ለቅሶ ነው። ይህን ማንም ሟርት ብሎት አያውቅም።

ረቂቁ ከዚህ ሰሌዳ በስተቀኝ ተለጥፏል። ዓይናቸው ለደከመ አባቶችና እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጮክ ተብሎ ይነበባል። የሚጨመርም የሚቀነስም ያለው በጽሑፍም ሆነ በቃል ለጸሐፊው ያስታውቅ። በ2012 ቀብር ባለመውጣታቸው በመቀጮ የተያዙ አባላት የዕዳ ስረዛ በተለየ አጀንዳ የሚታይ ስለሆነ ደብተራቸውን ይዘው ይምጡ።

ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው