ጆሮው ለሚደነግጥ ጎረቤታችን
(በማኅበራችን አዳራሽ የሙዚቃ ማዳመጫው ምሽት ከመጀመሩ በፊት ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት ወጣቶቻችን በዛሬው ምሽት ከሚያሰሙን ሙዚቃዎች አንዱ የእንግሊዞቹ የኩዊን ባንድ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ነው። ድምፅ ማጉያው ከመከፈቱ በፊት ግን ማኅበራችን ጥቂት ደቂቃ የጠየቀበት ምክንያት አለ። በመካከላችን ድምፅ ሲበዛ ጆሮአቸውን የሚይዙ ልጆች፣ ራሳቸውን የሚያማቸው እናቶች፣ ሠርግም ሆነ ስብሰባ ሲኖር ቀድመው ቤታቸው የሚገቡ አባቶች አሉ። «ሲቀብጥ ነው»፣ «ጨዋታ አይወድም» እየተባለ ይታለፋል። ነገሩ ግን ቅብጠት አይደለም። እነዚህ ጎረቤቶቻችን ዛሬም ከደጅ እንዳይቀሩብን ነው ይህን የምንናገረው።

በመጀመሪያ ስለ ዘፈኑ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ፍሬዲ ሜርኩሪ እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. የተወለደው በአህጉራችን፣ በዛንዚባር ነው። ዘፈኑ 5 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ይፈጃል። መንገዱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ብዙ አይደነግጥምና እስቲ ጉዞውን አብረን እንቁጠረው።

ያለ መሣሪያ፣ በሰው ድምፅ ብቻ ይጀምራል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፒያኖው ቦታውን ይዞ እንጉርጉሮ ይሆናል፤ ድራሙ ቢገባም ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። ከ2 ደቂቃ ተኩል በኋላ የብራያን ሜይ ጊታር ይነሣል። ልክ 3 ደቂቃ እንዳለፈ ያ ሁሉ ድምፅ ቀጥ ይልና ፒያኖው ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያ የኦፔራው ክፍል ይመጣል። እዚህ ላይ ሜርኩሪ፣ ሜይና ሮጀር ቴይለር ድምፃቸውን በቴፕ ላይ ደጋግመው እየደራረቡ ስለ ቀረጹት ሦስቱ ሰዎች እንደ ትልቅ መዘምራን ሆነው ይሰማሉ። ድምፁ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ ይመጣል፤ አንዴ ይለሰልሳል፣ ወዲያው ይጮኻል። 4 ደቂቃ ሲያልፍ ቴይለር በጣም ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ በዚያው ቅጽበት ጊታሩና ድራሙ ባንድ ላይ ይፈነዳሉ። የሚያስደነግጠው ቦታ ይኸ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ወዲያ እየቀዘቀዘ ሄዶ በአንዲት ለስላሳ የጎንግ ምት ያልቃል፤ ያችን ማንም አይፍራት።

ታዲያ ይህ አንዱን ሲያስደስት ሌላውን ለምን ያማል? በመካከለኛው ጆሮአችን ውስጥ ከሰውነታችን ጡንቻዎች ሁሉ ያነሰች አንዲት ጡንቻ አለች። ከባድ ድምፅ ሲመጣ ትኮማተርና ወደ ውስጥ የሚገባውን በመጠኑ ታለዝባለች። ነገር ግን የሴኮንድ ክፋይም ቢሆን ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ድንገተኛ ድምፅ ይቀድማታል። ይህ ለሁላችንም ነው። ሐኪሞች ሃይፐርአኩሲስ የሚሉት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ሌላው በቀላሉ የሚችለው ድምፅ እንደ መርፌ ሊወጋው ይችላል፤ ተመርምሮ ጆሮው ደኅና ነው ሊባልም ይችላል። ማይግሬን ሲነሣ ድምፅ ያስመርራል። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የድምፁን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ብዙ ድምፅ ባንድ ጊዜ መምጣቱን አይችሉትም። ጆሮውን ይዞ የሚሮጥ ልጅ እኮ ባለጌ አይደለም፤ ራሱን እያዳነ ነው።

ይህን ስንል ዘፈኑ ይቅር ማለታችን አይደለም። ወጣቶቻችን «ሮክ ካልጮኸ ምኑን ሮክ ሆነ» ይሉን ይሆናል። እውነት አላቸው፤ የዚህ ዘፈን ኃይል ከለስላሳው ወደ ኃይለኛው መዝለሉ ነው። ዝላዩ ያለው ግን ቅጂው ውስጥ ነው እንጂ ማጉያው ላይ አይደለም። ማጉያው ሲቀነስ ለስላሳውም ኃይለኛውም አብረው ይወርዳሉ፤ ዝላዩ አይጠፋም። መጀመሪያው አልሰማ አለኝ ብሎ ከፍ የሚያደርግ ሰው ግን 4ኛው ደቂቃ ላይ አዳራሹን ያናውጠዋል። ስለሆነም መጠኑ የሚወሰነው በኃይለኛው ክፍል ነው፤ ለስላሳው እንዲሰማ ደግሞ ወሬ ማቆም የእኛ ፋንታ ነው።

ጤነኛ ጆሮም ቢሆን ወሰን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል፤ በ90 ዴሲቤል ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ለሙዚቃ ቦታዎች ባወጣው ደንብ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥና ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ እንዲዘጋጅ ይመክራል።

በመሆኑም ለዛሬው ምሽት የሚከተለው ተወስኗል።

1ኛ/ ዘፈኑ ከመከፈቱ በፊት ይነገራል፤ 4ኛው ደቂቃ ሲቃረብ አስተናጋጁ እጁን ያነሣል።

2ኛ/ በበሩ አጠገብ ያሉት ወንበሮች ድምፅ ለሚከብዳቸው ይለቀቃሉ፤ ከማጉያው ፊት ሕፃን አይቀመጥም።

3ኛ/ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ክፍል ክፍት ነው። መውጣትም መመለስም ይቻላል፤ «ምን ሆንክ?» ብሎ የሚያፋጥጥ አይኑር።

4ኛ/ ጥጥ እምብዛም አያድንም፤ ለጆሮ ተብሎ የተሠራ መድፈኛ ይሻላል። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ጆሮን ደፍኖ መዋል ጆሮው ድምፅን ይበልጥ እንዲፈራ ስለሚያደርግ፣ ችግሩ የጸናበት ሰው የጆሮ ሐኪም ያማክር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዘፈኑን መስማት ከፈለገ አስቀድሞ ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አሰሙት፤ የቱ ጋ እንደሚፈነዳ ሲያውቀው ራሱ ቆጥሮ ሊጠብቀው ይችላል። ወጣቶች ሆይ፣ የማጉያው ቁልፍ በእጃችሁ ነው፤ ስትይዙት በሩ አጠገብ ያሉትን ወንበሮች ተመልከቱ። እስከ መጨረሻው ሞልተው ከቆዩ ምሽቱ ሠምሯል ማለት ነው።



የማኅበሩ የባህልና የወጣቶች ጉዳይ ኮሚቴ