ሰም፣ ወርቅና መስቀለኛ ቃላት

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው እንግሊዞች ክሮስወርድ ስለሚሉት ስለ መስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ነው። ይኸውም «የኬንያ ዋና ከተማ ማን ይባላል» እያለ የሚጠይቀው ቀላሉ ዓይነት አይደለም። ፍንጩ ሁሉ እንቆቅልሽ የሆነበት፣ ከዚያም አልፎ መልሶቹ በአንድ የተሰወረ ርእስ የተሳሰሩበት ነው። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የፍንጩን ጠባይ ለማስረዳት ለእኛ ረጅም ሐተታ አያስፈልግም፤ ሰምና ወርቅን የምናውቅ ነንና። «በአማርኛ ውስጥ የሚጣፍጥ ነገር አለ» ብዬ 2 ሣጥን ብሰጣችሁ፣ ሰሙ ቋንቋችንን ማመስገን ነው፤ ወርቁ ግን «አማርኛ» በሚለው ቃል ሆድ ውስጥ የተቀመጠው «ማር» ነው። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። በቅኔ ወርቁ ከወጣ በኋላ እንኳ ሰሙ ውበቱን አያጣም፤ ሁለቱም ይፈለጋሉ። በመስቀለኛ ቃላት ግን ሰሙ ማታለያ ነው፤ ወርቁ እንደ ተገኘ ይጣላል። ቅኔ የለመደ ሰው ይህን ጨዋታ ሲጀምር የሚቸገረው በዚህ ይመስለኛል፤ የዓረፍተ ነገሩን መልክ አክብሮ ይቆያል። ፈቺ ግን ጨካኝ መሆን አለበት።

ፍንጩን ሁሉ እንቆቅልሽ በማድረግ ስመ ጥር የሆነው ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ ነው። ከ1926 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1939 በኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ነበር። ቶርኬማዳ የስፔን የሃይማኖት መርማሪዎች አለቃ ነበረ። ተተኪው ዴሪክ ማክነት የግሪክና የላቲን መምህር ሲሆን፣ እርሱም «ዚመኒዝ» የሚል የሌላ ስፔናዊ መርማሪ ስም መረጠ። ሥቃይ እንደሚያበሉን አስቀድመው ማስታወቃቸው ነው።

ባለ ርእሱ ዓይነት ግን ከሁሉ ይልቅ የበረታው በቢ.ቢ.ሲ. መጽሔት በ«ሊስነር» ላይ ነው። በ1930 ተጀመረ፤ መጽሔቱ በ1991 ሲዘጋ ወደ ታይምስ ጋዜጣ ተዛወረ። ከሰንጠረዡ በላይ መቅድም ይጻፋል። አንዳንድ ፍንጭ ሆን ተብሎ ትርፍ ፊደል ይጨመርበታል፤ ትርፎቹ ሲለቀሙ አንድ ትእዛዝ ይወጣቸዋል። አንዳንድ መልስ ደግሞ ከነጭራሹ ፍንጭ የለውም፤ ርእሱን ያወቀ ብቻ ይሞላዋል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው የፈቺው ችኮላ ነው። አራት መልስ ያለው፣ እያንዳንዱም 2 ሣጥን የሆነ ትንሽ ጨዋታ እንውሰድ። አንደኛው ቅድም ያገኘነው «ማር» ነው። ወዲያው አንዱ «ርእሱ ምግብ ነው» ይላል። ሁለተኛው ፍንጭ «ሰላም ልቡ ቢወጣ የሚቀልጥ ነገር ይቀራል» የሚል ነው። ከ«ሰላም» መካከለኛው ፊደል ሲወጣ «ሰም» ይቀራል። አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ «ርእሱ ቅኔ ነው፤ የሚቀጥለው ወርቅ ነው» ሳትሉ አልቀራችሁም። ወርቅ ግን 3 ፊደል ነው፤ 2 ሣጥን አይበቃውም። ስለ ቅኔ ያወራሁላችሁ አውቄ ነው፤ አዘጋጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ፍንጭ «ግንብ አናቱ ቢፈርስ የምትናደፍ ትወጣለች» ይላል፤ «ግ» ወድቆ «ንብ» ትቀራለች። አራተኛው ፍንጭ የለውም። መቅድሙ «የሦስቱ ቤት» ብሎ ያልፈዋል።

እንግዲህ ርእሱን መጠርጠር አይከለከልም፤ ነገር ግን በእርሳስ ይጻፍ። ገና በሁለት መልስ ርእሱን የወሰነ ሰው የቀሩትን ፍንጮች አያነብም፤ ወደ ግምቱ ይጎትታቸዋል። በደንብ ከተገኘ በኋላ ግን ርእሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራል፤ አንድም ፊደል ያልገባበትን ሣጥን ይሞላል።

ርእስ ምን ያህል ሸክም ሊችል እንደሚችል ያሳየው «አራውካሪያ» ነው። እውነተኛ ስሙ ጆን ግራሃም፣ ሥራው የአንግሊካን ቄስ፤ ከ1958 ጀምሮ ለጋርዲያን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። በጥር 1913 ሳይሆን በጥር 2013፣ በ91 ዓመቱ ማለት ነው፣ ከአንድ ጨዋታው በላይ አጭር ማስታወቂያ አኖረ። አራውካሪያ የ19 ቁጥር የሆነ 18 ቁጥር እንዳለበት፣ የሚታከመውም በ13 እና በ15 ቁጥር መሆኑን የሚገልጥ ነበር። ፈቺዎቹ እንደ ልማዳቸው ቡናቸውን ይዘው ተቀመጡ። 18 «ካንሰር» ሆነ፤ 19 «የጉሮሮ ቧንቧ»፤ 13ና 15 ተጋጥመው «የማስታገሻ እንክብካቤ»። ወሬውን ማንም አልነገራቸውም፤ በገዛ እጃቸው ፊደል በፊደል ጻፉት። በዚያው ዓመት በኅዳር ዐረፈ። ሰሙ ሳይጣል የቀረበት ጨዋታ ይህ ይመስለኛል።

በአማርኛ ልንሞክረው የምንፈልግ አንድ ነገር አስቀድመን እንስማማ። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ እንግሊዞች የሚወዱት ፊደል ማዘበራረቅ ለእኛ እምብዛም አይመችም፤ መደበቅ፣ ራስ መቁረጥና ሆድ ማውጣት ግን እጅግ ይመቻል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በአንድ ሣጥን ሲገናኙ እንደ አንድ ይቆጠሩ እንደ ሆነ አዘጋጁ በመቅድሙ ይግለጥ፤ አለዚያ ጠቡ ማለቂያ የለውም። ሰንጠረዥ የሠራችሁ ለዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ስጡ፤ የአራተኛውንም መልስ አብራችሁ ጻፉ።