የሃያ ዓመት ጨዋታና የአንድ መሐንዲስ ምሽት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ አሮጌ ነገር ይቆይ ወይስ ይወገድ የሚለው ጥያቄ በምሕንድስና ሙያ ለድልድይም፣ ለፓምፕም፣ ለትራንስፎርመርም ዘወትር ይነሣል። መልሱም የሚገኘው የተሠራበትን ዓመት በማየት ሳይሆን ዛሬ የሚሰጠውን አገልግሎትና የሚጠይቀውን ወጪ በመመዘን ነው። የዛሬው ንግግር ይህንኑ ሚዛን ለብዙዎች ቀላል መስሎ ወደሚታይ ነገር፥ ይኸውም ወደ አንድ አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታ ያመጣዋል። «ለጨዋታ ደግሞ ምን ሚዛን ያሻዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የዚህ ጨዋታ ዋና ታሪክ ብቻውን ከ40 ሰዓት ያላነሰ ይፈጃል፤ 40 ሰዓት ማለትም የአንድ ባለሙያ ሙሉ የሥራ ሳምንት ነው። ለአሮጌ ፓምፕ ጥገና ይህን ያህል ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አስቀድሞ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይደረግ ነበር።

ጨዋታው ሞሮዊንድ ይባላል። ቤቴዝዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው ሦስተኛ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 አወጣው። ዓይነቱም ተጫዋቹ በምናብ በተፈጠረ ዓለም ውስጥ የአንድ ሰው ሚና ይዞ፣ ዘሩንና ሙያውን መርጦ የሚኖርበት ነው። ተጫዋቹ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ቫርደንፌል ወደምትባል ደሴት ይደርሳል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ይፈታል፤ ባልሞራ በተባለች ከተማ ለሚኖር ሰው የሚያደርሰው ጥቅል ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚይዘውም የሚገፋውም የለም። ጥቅሉን ሳያደርስ ዓመት ሙሉ ቢዞር የሚጠይቀው አይኖርም። የሚያስቀው ነገር ጥቅሉን ተቀባዩ ራሱ እንግዳውን ተቀብሎ ጥቂት ገንዘብ ከሰጠው በኋላ «ሂድና መጀመሪያ ሥራ ፈልግ፤ ልምድም አግኝ» ብሎ የሚያሰናብተው መሆኑ ነው።

ሚዛኑ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር አንድ ቦታና አንድ ሰው ይታሰብ። ቦታው በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ የምትገኘው ግራና ናት። ስሟ ለማኅበሩ አባላት እንግዳ አይደለም፤ የቆቦ ግራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃና የመስኖ ሥራ ብዙ ባለሙያዎችን አሰማርቷልና። ሰውየውም ለጥልቅ ጉድጓድ የፓምፕ ሙከራ ወደዚያ የተላከ መሐንዲስ ነው ይባል። ሙከራው 24፣ አንዳንዴም 72 ሰዓት ያለማቋረጥ ይካሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የውሃው ደረጃ ቶሎ ቶሎ ስለሚለካ እጅ ሥራ አይፈታም፤ እየቆየ ሲሄድ ግን በአንዱ ንባብና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ይመጣል። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ቤተሰቡ ሩቅ ነው፤ በእጁ ያለችው ኮምፒውተርም ከዘመኗ ያለፈች ናት። ጓደኛው ጨዋታውን አውርሶታል። ይጫወተው ወይስ ይተወው?

የመጀመሪያው ጥያቄ መሣሪያው ይችላል ወይ የሚለው ነው፤ ይህም በአጭሩ የሚመለስ ነው። ሞሮዊንድ ሲወጣ የጠየቀው 500 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም ሦስት፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ 256 ሜጋባይት ማስታወሻ፣ 32 ሜጋባይት የምስል ካርድና አንድ ጊጋባይት ያህል የዲስክ ቦታ ብቻ ነበር። ከዚህ የምታንስ ኮምፒውተር ዛሬ በመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት እንኳ በቀላሉ አትገኝም። ከዚህም ሌላ ጨዋታው አንዴ ከተጫነ መረብ አይፈልግም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፥ በየመክፈቻው ከባሕር ማዶ ፈቃድ የሚጠይቅ ዘመናዊ ጨዋታ የገዛ ሰው የያዘው ባዶ ሣጥን እንደ ነበረ ያየ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። ፋብሪካው የተወውን ሞተር ማን ይጠግነዋል? በዚህ ረገድ ሞሮዊንድ ዕድለኛ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በበጎ ፈቃድ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች «ኦፕን ኤም ደብልዩ» የተባለ፣ የፕሮግራም ጽሑፉ ለማንም ክፍት የሆነ አዲስ ሞተር ሠርተውለታል። ተጫዋቹ የዋናውን ጨዋታ ፋይሎች በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ በአዲሱ ሞተር ያስኬዳቸዋል፤ በሊኑክስም ቢሆን ይሠራሉ። አካሉ የድሮው ሆኖ ልቡ ተለውጧል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ጠጋኝ ያላገኘ ጨዋታ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ሲጫወቱት ሄንሪ ሶልት አይቶ ጽፎለታል። ከሌላው ዓለም ሰንጠረዥ የሚለየውም «ወረራ» በተባለው አከፋፈቱ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፥ ሁለቱም ወገኖች እንደ ቻሉ በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ደንቡን ሰብስቦ ባያሳትም ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል እንኳ አይታወቅም ነበር። ገበጣ ግን በየዛፉ ጥላ ሥር፣ መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ እስከ ዛሬ ይኖራል። ሁለቱም አሮጌ ናቸው፤ አንደኛውን ተጫዋቹ ጣለው፥ ሁለተኛውን አልጣለውም። ሞሮዊንድ እስካሁን በገበጣ ወገን ቆሟል።

መሣሪያው ቻለ፣ ጠጋኙ ተገኘ፤ ዋናው ነገር ግን ገና ነው። ብዙ ሰው ይህን ጨዋታ በመጀመሪያው ሰዓት ትቶ ይሄዳል፤ ምክንያቱም በሰይፍ የመታውን ይስተዋል። ጠላቱ ከፊቱ ቆሟል፥ ሰይፉ በዐይን ሲታይ አካሉን አቋርጦ ያልፋል፥ ጉዳት ግን የለም። አዲስ ተጫዋች ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል። ብልሽት አይደለም፤ ስሌት ነው፤ ስሌቱም ለመሐንዲስ የሚመች ነው። የመምታት ዕድል የሚገኘው የመሣሪያው ችሎታ፣ የቅልጥፍና አንድ አምስተኛና የዕድል አንድ ዐሥረኛ ተደምረው፥ ድምሩ በትንፋሽ መጠን ሲባዛ ነው። የማባዣው ቁጥር ትንፋሽ ሙሉ ሲሆን 1.25፣ ትንፋሽ ሲያልቅ 0.75 ይሆናል። ከውጤቱም ላይ የተቃዋሚው የማምለጥ ችሎታ ይቀነሳል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ጀማሪ ቅልጥፍናውም ዕድሉም 40 ይሁን። ዋና ሙያው አድርጎ የመረጠውን መሣሪያ ቢይዝ ችሎታው ከ30 ይጀምራል፤ 30 ሲደመር 8 ሲደመር 4፥ 42 ይሆናል። ትንፋሹ ሙሉ ከሆነ 52.5፣ ካለቀ 31.5 ከመቶ ይደርሰዋል። ከሙያው ውጭ የሆነ መሣሪያ አንሥቶ ከሆነ ግን ችሎታው 5 ብቻ ስለሚሆን ድምሩ 17፤ ሙሉ ትንፋሽ ይዞ 21.25፣ ደክሞት ከሆነ 12.75 ነው። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ሩጫ ትንፋሽ ይጨርሳል። እንግዲህ ጀማሪው የሚያደርገው ምንድን ነው? መንገድ ላይ ያገኘውን መጥረቢያ ያነሣል፥ ወደ መጀመሪያው ጠላት በሩጫ ይደርሳል፥ ከስምንት ጊዜ አንዴ ይመታል፥ ከዚያም ጨዋታው መጥፎ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ጂኦሎጂስት ቀጥሮ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያደረገ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ያማርራል። ሙያውን ጠብቆ፣ ሳይሮጥ ቀርቦ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ የሚገጥም ተጫዋች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግማሽ ያህሉን ይመታል፤ በሠራበት መጠንም ችሎታው ያድጋል። ይህን ስሌት አስቀድሞ ያወቀ ሰው ከጨዋታው ግማሽ ምሬት ድኗል።

ጨዋታውን ከዛሬዎቹ ዘመዶቹ የሚለየው ሌላው ነገር መንገድ ነው። በዛሬ ጨዋታዎች መድረሻው በቀስት ይጠቆማል፤ ተጫዋቹም ዐይኑን ቀስቱ ላይ ተክሎ አገሩን ሳያይ ይሄዳል። በሞሮዊንድ ግን ቀስት የለም። መንገድ የሚነገረው በሰው አፍ ነው፤ ወንዙን ተከተል፥ ድልድዩን ተሻገር፥ ሁለቱ ድንጋዮች ዘንድ ስትደርስ ታጠፍ ይባላል። ይህ ለፈረንጅ ተጫዋች የጥንት ልማድ ይመስለው ይሆናል። ግራና ላይ ግን የሰው ቤት የሚፈልግ እንግዳ የሚሰማው ዛሬም ይኸው ነው፤ «ወንዙን ይሻገሩ፣ ዋርካውን በቀኝ ይተዉት፣ ከወፍጮው ሲደርሱ ደግሞ ይጠይቁ» ይባላል። ሩቅ አገር መሄድም በመስመር ነው። ግዙፍ ነፍሳት ተሳፋሪ ጭነው በታወቁ ከተሞች መካከል ይመላለሳሉ፤ ቀጥታ መስመር የሌለው መንገደኛ ከግራና ላሊበላ የሚሄድ ሰው ወልድያ ላይ መኪና እንደሚለውጥ ሁሉ መካከል ላይ ወርዶ ይለውጣል። በጥቂት ቀን ውስጥ ካርታው በተጫዋቹ ጭንቅላት ይሳላል። እውነቱን ለመናገር ከተነገሩት አቅጣጫዎች ጥቂቶቹ ስሕተት ናቸው፤ ይህንንም ቢሆን የመስክ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሳይደነቅ ይቀበለዋል።

የጨዋታውን ጠባይ ለማሳየት ግን ከሁሉ የሚሻለው ከመጀመሪያዋ መንደር ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገጥመው ነገር ነው። ከሰማይ ጩኸት ይሰማል፤ አንድ ጠንቋይ ወድቆ ይፈጠፈጣል። በኪሱ ማስታወሻና ሦስት ጥቅልሎች ይገኛሉ። ጥቅልሉን ያነበበ ሰው የመዝለል ችሎታው በ1000 ይጨምራል፤ ኃይሉ የሚቆየው ግን ለ7 ሰከንድ ነው። ዘለለ፥ ደመናውን አለፈ፥ ደሴቲቱን ከላይ አየ፥ ኃይሉም ገና በአየር ላይ ሳለ አለቀ። አወራረዱ እንደ ጠንቋዩ ይሆናል። ጠንቋዩ የመነሻውን ኃይል አስልቶ የማረፊያውን አልሰላም። መሬት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሁለተኛውን ጥቅልል የሚያነብ ተጫዋች ግን በሕይወት ያርፋል። ይህን ማንም አይነግረውም፤ ጨዋታው ሕጉን ዘርግቶ ዝም ይላል። ሌላም አለ፤ ተጫዋቹ ለታሪኩ እጅግ የሚያስፈልገውን ሰው ቢገድል ጨዋታው አይከለክለውም። የዕጣው ክር እንደ ተበጠሰ አስታውቆ፥ ወደ ኋላ መመለሱን ወይም ባበላሸው ዓለም መኖሩን ለእርሱ ይተውለታል። አርባ ሰዓት ለመስጠት የሚያበቃ ምክንያት ካለ እዚህ ላይ ነው፤ የተጫዋቹ ሥራ ለተጫዋቹ ተትቷል።

ጉድለቱን መሸፈን ግን ተገቢ አይደለም። የሰዎቹ ፊት እንጨት ነው። አረማመዱ በመጀመሪያ ላይ የሚያሰለች ነው። ሰማዩን የሞሉት በራሪ አውሬዎች መንገደኛውን በየኮረብታው ስለሚያሳድዱ ትዕግሥት ያስጨርሳሉ። የተሰጡት ሥራዎች የሚመዘገቡበት ደብተር በቅደም ተከተል ስለሚጻፍ፥ ከወር በፊት የተነገረን አቅጣጫ ማግኘት የተጣለ ደረሰኝ እንደ መፈለግ ነው። ማታ ልጆቹን የሚያስጠና፣ ከዚያ የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ብቻ የሆነ ሰው ይህን ጨዋታ ባይጀምረው ይሻላል፤ በግማሽ ሰዓት ከአንድ መንደር አይወጣምና።

የቋንቋው ነገር ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ጨዋታው የሚነበብ ነው፤ በውስጡ በመቶ የሚቆጠሩ መጻሕፍት አሉበት፥ አብዛኛው ንግግርም በጽሑፍ ነው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ወደ ሩስኛና ወደ ፖላንድኛ ተተርጉሟል። ወደ አማርኛ ለመተርጐም የሚነሣ ሰው ግን ከቃላቱ በፊት ከቁጥር ጋር ይጋጫል። የጨዋታው ጽሑፍ የተቀመጠው እያንዳንዱ ምልክት በ8 ቢት በሚያዝበት ሥርዓት ሲሆን፥ 8 ቢት ከ256 በላይ ቦታ የለውም፤ ከዚያም ላይ ግማሹ ለላቲን ፊደልና ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች ተይዟል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደሎቻችን በሰባት ሲባዙ ብቻቸውን 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፥ ማለትም ጨዋታው ከመውጣቱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን በአሮጌው ሥርዓት ጻፉት። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሳያነቡ ሞሮዊንድን መጫወት አይቻልም፤ ምስሉን እያዩ መገመትም አያዋጣም።

በግራናው መሐንዲስ ላይ የሚሰጠው ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። እንግሊዝኛ ያነባል፤ ጊዜውን የሚቆርጠው ሥራው ነው፤ መሣሪያውም ይችላል። ይጫወተው። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ሰዓታት ግን እንደ ሙከራ ይቁጠራቸው፤ ሙያውን ሳይለቅ፣ ሳይሮጥ፣ አቅጣጫውን በወረቀት እየጻፈ ይሂድ። በዐሥረኛው ሰዓት ባልሞራን ያለ ካርታ ካላወቃትና ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ራሱ ካልመረጠ፥ ያለ ጸጸት ይዝጋው። በሳምንት አራት ምሽት፣ በምሽት አንድ ሰዓት ቢመድብ ዋናው ታሪክ ዐሥር ሳምንት ያህል ይወስድበታል፤ ይህም ከአንድ የመስክ ቆይታ ጋር የሚመጣጠን ነው። ጨዋታው በየትኛውም ቦታ፣ በአንድ ቁልፍ ስለሚቀመጥ፥ የንባቡ ሰዓት ሲደርስ ቁልፉን ይጫናል፥ ባትሪውን አንሥቶ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፥ የውሃውን ደረጃ ለክቶ በቅጹ ላይ ይጽፋል።