ሐይቅ ከተማ ላይ በግቢ ውስጥ የተፈታ ሞተር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ስለ አንድ አሮጌ ፊያት የጭነት መኪና ነው። ባለቤቱ አጎቴ ናቸው፤ የሚኖሩትም ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ ነው። ይህ ባለስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ቤተሰቡን ሲያበላ፥ ልጆቹንም ሲያስተምር የኖረ ነው።

የሕመሙ ምልክት የታየው መኪናው ከመርሳ እህል ጭኖ፥ ውርጌሳን አልፎ፥ የአምባሰልን ዳገት ወደ ውጫሌ ሲወጣ ነበር። ራዲያተሩ ይፈላል፤ ጭሱ ይነጣል፤ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ወተት የገባበት ቡና የመሰለ አረፋ ይታያል። ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ እንደምታውቁት ነው። ጋራዥ የጠየቃቸው ገንዘብ ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ፥ አጎቴ ከረዳታቸውና ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆነው ሞተሩን በግቢያቸው ሊፈቱት ቆረጡ።

በስልክ ምክር ጠየቁኝ። «የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ለውጡ፤ ቡሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር በተራ አጥብቁ» አልኋቸው። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ከመጽሐፍ የወጣ ነው። ለወጡት፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ውሃው ተመልሶ ዘይቱ ውስጥ ገባ። ዳግመኛ ለወጡት፤ ዳግመኛ ተበላሸ። ለጓርኒሲዮንና ለዘይት የወጣው ገንዘብ አንዲት ላም አሸጠ። በዚህ ጊዜ አጎቴ ደውለው፥ «አንተ ልጅ፥ የተማርኸው በስልክ ነው እንዴ?» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አመንሁ፤ ሳልለካ ፈርጃለሁና።

ስደርስ ያየሁት ነገር አስገረመኝ። ከሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ በተሠራ መስቀያ ላይ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ቡሎኖቹ በካርቶን ላይ እንደየተራቸው ተሰክተው ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ የቢዬላ ክዳኖችም እንዳይዛወሩ በምስማር ተጭረዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ አቧራ ስለሚያነሣ ልጆቹ የሚሠሩት ጧት ብቻ ነበር፤ ቀሪውን ቀን ሞተሩ በላስቲክ ይሸፈናል። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ባለ ትልቅ ጣሪያ ጋራዦች ውስጥ ሁልጊዜ አላየሁም።

የጎደለው መለኪያ ነበር። ረዳቱ፥ «ምናልባት ካሚቻው ሰጥሞ ይሆናል» አለኝ። እኔ ሙያውን በእንግሊዝኛ ቃላት ስለተማርሁ፥ ጣሊያንኛው «ካሚቻ» ሸሚዝ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ በእርግጥም ፒስቶኑ የሚለብሰው ሸሚዝ ነው። ካሚቻዎቹ ሁሉ ከብሎኩ ወለል በላይ በጥቂት የሚሊ ሜትር መቶኛ እኩል ብቅ ማለት አለባቸው። ባለሰዓቱን መለኪያ ባስቀመጥሁበት ጊዜ አራተኛው ከጎረቤቶቹ በ0.1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ የአንድ ወረቀት ውፍረት ነው፤ ዓይን ዘሎት ያልፋል። ጓርኒሲዮኑ ግን በዚያ በኩል አይጨመቅምና ጋዙ ወደ ውሃው፥ ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ይሾልካል።

የራዲያተሩ ክዳንም ምንጩ የላላ ነበር። ሐይቅ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች፥ ግፊት ያልታፈነበት ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ዳገት ላይ ሞተሩን ያቃጠለው ይህ ርካሽ ክዳን ሳይሆን አይቀርም።

የካሚቻው መቀመጫ ተበልቶ ስለነበረ በእጅ የሚስተካከል አልሆነም። ብሎኩ በአይሱዙ ተጭኖ ደሴ ሄደ፤ መቀመጫው በማሽን ተላገ፤ ከሥሩም ስስ ቀለበት ገባለት። መገጣጠሙን ግን ያከናወኑት እነዚያው ልጆች ናቸው፤ ቡሎኖቹን በተዋስነው የማጥበቂያ መለኪያ በሦስት ዙር አጠበቁ። መኪናው ጭኖ ውጫሌን ወጣ፤ ዘይቱም ጠራ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ፥ ትልቅ ሞተር በግቢ መፍታት ይከልከል ይላሉ። የናፍጣ ፓምፕን በሚመለከት እስማማለሁ፤ ያለ መሞከሪያ ማሽን ሊነካ አይገባውም። በተረፈው ግን ሰው የሚፈታው ሌላ አማራጭ ሲያጣ ነው፤ ክልከላችንን የሚሰማበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ማኅበራችን ባለሰዓት መለኪያ፥ ቀጥ ያለ ማስተያያ ብረት፥ ማይክሮሜትርና የማጥበቂያ መለኪያ ገዝቶ በሐይቅና በውጫሌ በውሰት እንዲያስቀምጥ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የእኔን መለኪያ እዚያው ትቼው መጥቻለሁ። የአጎቴ ባለቤት ጌጣቸውን በሚያኖሩበት ሣጥን ቆልፈውበታል፤ እስካሁን ሁለት የውጫሌ ሾፌሮች መታወቂያቸውን አስይዘው ወስደው መልሰዋል።