አፍንጫው ለታፈነ ሕፃን ምን እናድርግለት?

(በሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መዋጮም ስለ ድንኳንም አይደለም። ስለ ሕፃናት ጉንፋን ነው። «ኧረ ለጉንፋን ደግሞ ስብሰባ!» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ኅዳር ገብቷል። ከጉና እስከ ጣራ ገዳም ያለው ደጋችን ሌሊቱን ውርጭ ይጥልበታል፤ በየቤቱም አፍንጫው ታፍኖ የሚያለቅስ ሕፃን አለ። ለትልቅ ሰው ጉንፋን ቀላል ነው። ለሕፃን ግን አያያዙን ካላወቅንበት ቀላል አይሆንም።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንረዳ። ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚተነፍሰው በአብዛኛው በአፍንጫው ነው። ጡት ሲጠባ አፉ ተይዟል፤ አፍንጫው ከተደፈነ በምን ይተንፍስ? ስለዚህ ጡቱን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል። እናቲቱም «ጡቴን ጠላ» ትላለች። ጎረቤት ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይላል። አልጠላም፤ እንጥሉም አልወረደም። አፍንጫው ነው የተዘጋው። መፍትሔውም ከዚያው ከአፍንጫው ይጀምራል።

እንግዲህ በቤታችን የምናደርገው ይህ ነው።

አንደኛ፤ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ አፍልተን ለብ እስኪል እናቀዝቅዝ። በውስጡ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እናሟሟ። እጃችንን በሳሙና ታጥበን፣ ከዚህ ውኃ በንጹሕ ማንጠብጠቢያ በየአፍንጫው ቀዳዳ ሁለት ሁለት ጠብታ እናድርግ። ማንጠብጠቢያ ከሌለ ንጹሕና ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ እንደ ክር ጠምዝዘን፣ በጨው ውኃው ነክረን፣ ከአፍንጫው ደጃፍ ያለውን ንፍጥ ቀስ አድርገን እናውጣ። ወደ ውስጥ መግፋት አይገባም። ይህንን ጡት ከማጥባት 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ማድረግ ነው። የጨው ውኃው ለማግሥቱ አይቀመጥም፤ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጃል። ንፍጡን በአፍ መምጠጥ ግን ይቅር፤ በአፋችን ያለው ጀርም ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል።

ሁለተኛ፤ ጡት ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ማጥባት ነው። ጨርሶ መጥባት ካቃተው ጡቱን በንጹሕ ስኒ አልቦ በማንኪያ መስጠት ይቻላል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ሌላ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፤ ነቅቶ ሳለ ቀና አድርጎ በደረት መታቀፍ ነው። ያን ጊዜ ንፍጡ ይወርድለታል፤ የእናቱም ሙቀት ያረጋጋዋል። አባትም፣ አያትም፣ ታላቅ እኅትም ተራ በተራ ታቅፈው እሹሩሩ ይበሉት። ሌሊቱን ሁሉ በእናቲቱ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ሲተኛ ግን በጀርባው፣ ያለ ትራስ ይተኛ፤ ፊቱ በጋቢ ወይም በነጠላ አይሸፈን።

አራተኛ፤ ከጭስ ማራቅ ነው። ይኸኛው በእኛ አገር ትልቁ ነገር ነው። ብርድ ነው ብለን አራሷንና ሕፃኑን ከምድጃው ዳር አስተኝተን፣ በር ዘግተን ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል እናነድዳለን። ሙቀቱ ይደርሰዋል፤ ጭሱ ግን የታፈነውን አፍንጫ ያብሰዋል፣ ሳንባውንም ይጎዳል። የምግብ ማብሰያው ከመኝታው ይለይ። ካልተቻለም እሳት በሚነድበት ሰዓት በሩ ይከፈት፤ ሕፃኑም ተጠቅልሎ ሌላ ክፍል ወይም ጎረቤት ይቆይ።

በዚሁ ላይ ስለ ኅዳር 12 አንድ ቃል እንጨምር። አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ይሉት የነበረው፣ በ1911 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ ብዙ ሕዝብ የፈጀው ወረርሽኝ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ሠፈርን ጠርጎ የማጠኑ ልማድም ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል። መጥረጉን አጥብቀን እንደግፈዋለን። ጭሱ ግን ለሕፃን መድኃኒት አይደለም። ስለዚህ የዘንድሮው ቆሻሻ ሕፃን ካለበት ቤት ርቆ ይቃጠል፤ ፕላስቲክና ጎማም አይጨመርበት።

አሁን ደግሞ ማድረግ የሌለብንን እንናገር። ይህን ስንል እናቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። እነርሱ በነበራቸው ዕውቀት አሳድገውናል።

እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ፈጽሞ ይቅር። ጉንፋንን አያድኑም። ደም ያፈሳሉ፤ አንድ ምላጭ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘዋወርም መንጋጋ ቆልፍንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ፈጽሞ በሕፃን ላይ ጉዳት ማድረስን በወንጀል ያስጠይቃል።

ለሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ ቅቤ ወይም ዘይት በአፍንጫው ማድረግም አይገባም፤ ወደ ሳንባው ወርዶ የሳንባ ምች ያስከትላል። የጤና አዳምና የዳማከሴ ጭማቂ ለጨቅላ አይሰጥም። ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይቀመስም። ቪክስ ሁለት ዓመት ላልሞላው አይቀባም። በፈላ ውኃ እንፋሎት ማጠንም ስንቱን ልጅ አቃጥሏል። የትልቅ ሰው ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ማቅመስም ይቅር። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ እንዲህ ያለው መድኃኒት አይነካውም። በአብዛኛው በአንድ ሳምንት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል።

ታዲያ ጉንፋኑ መቼ ነው ወደ ሌላ የሚለወጠው? ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ መቁጠር ይበቃል። ሕፃኑ በማያለቅስበትና በማይጠባበት ሰዓት ልብሱን ገለጥ አድርገን፣ ሆዱ ከፍ ሲል አንድ እያልን፣ በሰዓት ወይም በስልክ አንድ ሙሉ ደቂቃ እንቁጠር። ሁለት ወር ያልሞላው 60 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሳይቆጠርም የሚያስሮጥ ምልክት አለ። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ጡት መጥባት ካቆመ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ከደነዘዘና አልነቃ ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እንዲሁም ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ትኩሳት ካለው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ሌሊት ነው አይባልም። «ክርስትና አልተነሣም፣ ከቤት አይወጣም» ተብሎም አይቆይም።

ደግሞም መፍትሔ አለው። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተደርጓል፤ የሚሰጠውም አሞክሲሲሊን የሚባለው መድኃኒት ነው። ከዚያ ያለፈው ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ይላካል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዋነኛውን የሳንባ ምች የሚከላከል ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ቀኑ ያለፈበት ልጅ ካለ ነገ ሳይባል ይወሰድ።

ውድ አባላት፤ አሁን ወደ ማኅበራችን ጉዳይ እንመለሳለን። ባለፈው ዓመት በዚሁ በኅዳር ከመንደራችን የአምስት ወር ሕፃን ቀብረናል። ስሙን አናነሣም፤ ቤተሰቡ አብሮን አለ፣ እንድንናገረውም ፈቅዶልናል። ሕፃኑ ሦስት ቀን ትንፋሹ ይፈጥን ነበር። አባቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዷል። እናቲቱ ብቻዋን፣ በእጇ የመኪና እንኳ ሳይኖር፣ ሲነጋ እሄዳለሁ ስትል በሦስተኛው ሌሊት አረፈ። በማግሥቱ ጡሩምባ ሲነፋ ግን ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ መቶ ሰው ቀብር ወጣ።

ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ትልቅ ሰው ሲታመም በቃሬዛ ስለሚነሣ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፣ ይሸከማል። ሕፃን ግን ቃሬዛ አያስፈልገውም፤ እናቱ አዝላው ትሄዳለች፣ ስለዚህም ማንም ሳይሰማ ይቀራል። መተዳደሪያ ደንባችንም ለሞት እንጂ ለሕመም አንቀጽ የለውም። ለቀብር የምናወጣው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ለመኪና ቢወጣ ኖሮ ያን ሌሊት ጤና ጣቢያ በተደረሰ ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ነገር ያቀርባል። አንድ፤ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲታመም የመጓጓዣ ገንዘብ በማንኛውም ሰዓት ያለ ዋስ፣ ያለ ወለድ ከካዝናው በብድር ይሰጥ። ሁለት፤ ባል ለሥራ በሄደበት ቤት ሕፃን ካለ ሁለት ጎረቤቶች በስም ተመድበው ማታ ማታ ደጁን ይጠይቁ፤ ካስፈለገም በሌሊት አብረው ይሂዱ። ሦስት፤ ከላይ የተናገርናቸው የትንፋሽ ቁጥሮች በትልቁ ተጽፈው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ፤ ማንበብ የማይችል ቢኖር የተማሪ ልጆቻችን ያንብቡለት።

ሐሳቡ ቢያስከፍል ከአንድ ድንኳን ኪራይ አይበልጥም። ለቀብር ሰዓት ያልደረሰ አባል ይቀጣል የሚል ደንብ አለን። ከቀብሩ በፊት ለመድረስ የሚያስችለንን ደንብ ደግሞ ዛሬ እንጻፍ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።

እግዚአብሔር ሕፃናቶቻችንን ይጠብቅልን።