በአደጋ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቁ የሚገባቸው የከተማ ተቋማት

(ለከተማ የአደጋ ጊዜ ዝግጅት ኃላፊዎችና ለዕርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው የዕርዳታ ሥራ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው በድርቅ የተጎዳው ገጠር ነው። ይሁን እንጂ እህሉ የሚከማችበት መጋዘን፣ የጭነት መኪናው ነዳጅ የሚቀዳበት ማደያና ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል በአብዛኛው የሚገኙት በከተማ ነው። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ወደ አሰብና ወደ ምፅዋ ወደቦች የደረሰውን እህል ለተጎጂው ለማድረስ ካጋጠሙት ታላላቅ እንቅፋቶች አንዱ የጭነት መኪና እጥረት ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው፣ እህል መኖሩ ብቻ ረሃብተኛውን አያጠግብም፤ ማድረሻውም ሊጠበቅ ይገባል።

ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ ጥያቄ፣ በአንድ ከተማ ከሚገኙት ብዙ ተቋማት መካከል ሥራቸው ቢቋረጥ የሌሎቹንም ሥራ የሚያቋርጡት የትኞቹ ናቸው? የሚል ነው።

ድሬዳዋን ለምሳሌ እንውሰድ። ከተማይቱ የተቆረቆረችው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ሲሆን፣ የደቻቱ ወንዝ ከዚራንና መጋላን ይለያቸዋል። ወንዙ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከደቡቡ ደጋ የወረደው ጎርፍ ብዙው ሕዝብ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ በሺህ የሚቆጠሩትን ከቤታቸው አፈናቅሏል።

እንዲህ ያለው ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያው ሲዘጋ አንዱ ከተማ ሁለት ይሆናል። በዚያን ሰዓት ሆስፒታሉ በየትኛው ወገን ነው? የእሳት አደጋ መኪናው፣ የእህል መጋዘኑና የነዳጅ ማደያውስ? ተፈናቃዮች የሚጠለሉበት ትምህርት ቤት ራሱ በጎርፉ መንገድ ላይ አይደለምን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ካልተቀመጠ በሌሊት ተፈልጎ አይገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ተቋማቱ እርስ በርስ ያላቸው ጥገኝነት ነው። የድሬዳዋ ሕዝብ የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ በሞተር የሚሳብ ሲሆን፣ በአዲስ አበባም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚገኘው ውሃ ከዝቅተኛ ስፍራ ሽቅብ በሞተር የሚገፋ ነው። በመሆኑም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ቧንቧው ይደርቃል፤ ቧንቧው ሲደርቅ ሐኪሙ እጁን መታጠብ፣ ዳቦ ጋጋሪውም ሊጥ ማቡካት ይሳነዋል። ሆስፒታሉን በዝርዝሩ አናት ላይ ጽፎ፣ ለእርሱ ኃይል የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ መዘንጋት ቤቱን ጠብቆ ምሰሶውን እንደ መተው ይቆጠራል።

እንግዲህ ስለ እያንዳንዱ ተቋም ሊመዘገቡ የሚገባቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው። አንደኛ፣ የሚገኝበት ቦታና የሚያሰጋው አደጋ፤ ሁለተኛ፣ ሥራውን ለማከናወን የሚያስፈልገው ኃይል፣ ውሃ፣ ነዳጅና መንገድ፤ ሦስተኛ፣ እነዚህ ቢቋረጡበት ለስንት ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል፤ አራተኛ፣ እርሱን የሚተካው ምን እንደ ሆነ፤ አምስተኛ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚገኝና ያ ሰው ባይኖር ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ ነው። መጋዘን ሙሉ እህል እያለ ቁልፍ ያዡ ባለመገኘቱ ሕዝብ ጦሙን ማደር የለበትም።

በማስታወቂያ ሥራ ላይ ያለሁ እንደ መሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። ዝናቡ የሚጥለው በደጋው ሲሆን ጎርፉ የሚደርሰው በቆላው ነው። ስለሆነም በደጋው ቀበሌ የሚገኘው ስልክ ከከተማው ክልል ውጭ ቢሆንም ከከተማው ዋና ዋና ተቋማት እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባዋል። በሌሊት ሬዲዮ የሚያደምጠው ሰው ጥቂት ስለሆነም የመስጊድ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያን ደወል በዝርዝሩ ውስጥ ሊገቡ ይገባል።

በመጨረሻም፣ ዝርዝሩ በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት በቦታው ተገኝቶ ካልታየና ካልታደሰ በመዝገብ ቤት የሚቀመጥ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። ወደየከተማችን ስንመለስ የመጀመሪያው ተግባራችን መሻገሪያውን፣ ሞተሩንና ቁልፍ ያዡን በዓይናችን አይቶ መመዝገብ እንዲሆን አደራ እላለሁ።