ከመውጣት በፊት መውረድ፦ ሕፃናትን ከዐለት ጋር ስለማስተዋወቅ



የዛሬው ርእሴ ሕፃናትን ከቤት ውጭ፣ በተፈጥሮ ዐለት ላይ መውጣት እንዴት እናስጀምራቸው የሚል ነው። ጉዳዩ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። እኔ የመረጥሁት ግን አንድ ስሕተት ሠርቼ ስለተማርሁበት ነው፤ ስለዚህ ከስሕተቱ ልጀምር።

በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ለትምህርት በቆየሁበት ጊዜ፣ የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ስታኒጅ ሄድሁ። ስታኒጅ በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለበርካታ ኪሎ ሜትር የተዘረጋ፣ ድንጋዩ ሻካራ የሆነ የገደል ጠርዝ ነው። የመረጥሁላት ቦታ ቁመቱ ከ8 ሜትር አይበልጥም ነበር። ገመዱ ከላይ በሚገባ ታስሯል፤ የራስ ቁር አድርጋለች፤ ገመዱን የያዝሁትም እኔው ነበርሁ። እኩሌታውን በደስታ ወጣች። ከዚያ ወደ ታች አየችና «አባዬ፣ አውርደኝ» አለችኝ። «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» አልኋት። ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ አበረታታኋት። በመጨረሻ እያለቀሰች ጫፍ ደረሰች። በአካባቢው የነበሩ ሰዎች አጨበጨቡላት፤ እኔም ኮራሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ልጄ ለአንድ ዓመት ያህል ገመድ መታጠቅን እምቢ አለች። «ከፍታው ነው ያስፈራሽ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «አይደለም፤ አውርደኝ ስልህ አላወረድኸኝም» አለችኝ።

ይህን መልስ ለመረዳት ሁለት የታወቁ ጥናቶች ይረዱናል። እ.ኤ.አ. በ1960 ኤሊኖር ጊብሰንና ሪቻርድ ዎክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ስለ «የሚታይ ገደል» ሙከራቸው ጽፈው አሳተሙ። ሙከራው የተካሄደው ከላይ ጠንካራ መስተዋት በተዘረጋበት ሰፊ ገበታ ላይ ነበር። በአንዱ ወገን ወለሉ ከመስተዋቱ ሥር ወዲያው ይታያል፤ በሌላው ወገን ግን ወለሉ ርቆ ስለሚታይ ገደል ይመስላል። ከ6 እስከ 14 ወር የሆናቸው 36 ሕፃናት ተፈተኑ። ከመካከለኛው ሳንቃ ተነሥተው የዳኹት 27ቱ ሁሉ ጥልቀት በሌለው ወገን አለፉ፤ ገደል በሚመስለው ወገን ላይ ለመዳኽ የደፈሩት ግን 3 ብቻ ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው ገና የሚድኽ ሕፃን እንኳ ገደልን ለይቶ የሚያይ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1985 ጄምስ ሶርስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው። እነርሱ ጥልቀቱን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ አሳነሱት፤ ይኸውም የአንድ ዓመት ሕፃን አደገኛ ይሁን አይሁን ሊወስን የሚቸገርበት ልክ ነው። ከማዶ የቆመችው እናት በፊቷ ላይ ፍርሃት ስታሳይ ከ17 ሕፃናት አንድም አልተሻገረም። ደስታ ስታሳይ ግን ከ19ኙ 14ቱ ተሻገሩ። ገደሉ ያው ገደል ነው፤ የተለየው ፊቷ ብቻ ነበር።

ይህን ውጤት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው «ወላጅ ፍርሃቱን አያሳይ» ለማለት ነው። እኔ ግን በሌላ በኩልም እንድናየው እለምናችኋለሁ። ፈገግታችን ልጅን ራሱ ወዳልመረጠው ቦታ ሊያደርስ የሚችል ኃይል ነው። በስታኒጅ የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነበር። ልጄ ሁኔታውን በራሷ ዐይን አይታ «በቃኝ» ስትል፣ እኔ በሷ ፍርድ ፋንታ የራሴን ተካሁ። ጫፍ ደረሰች፤ በገመዱ ሌላኛው ጫፍ በቆመው ሰው ላይ የነበራት እምነት ግን ተበጠሰ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ አለ። ልጅን ሆን ብሎ ወደ ከፍታ ማቅረብ ለምን ያስፈልጋል? ኖርዌያዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሳንድሴተር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው ጥናት አደጋ ያለበትን የልጆች ጨዋታ በስድስት ዐይነት ከፍላለች፤ ከነዚህ አንዱ በከፍታ ላይ የሚደረግ ጨዋታ ነው። ከሌይፍ ኬናይር ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረበችው ክርክርም፣ ልጆች እንዲህ ባለው ጨዋታ ቀስ በቀስ ፍርሃታቸውን መግዛት እንደሚለምዱ ታስረዳለች። እዚህ ላይ በሚታይና በስውር አደጋ መካከል ልዩነት ማድረግ ይገባል። ከፍታ የሚታይ አደጋ ነው፤ ልጅ ሊመዝነው ይችላል። የላላ ድንጋይ፣ በትክክል ያልታሰረ ቋጠሮ፣ ከላይ ሊወድቅ የሚችል ጠጠር ግን ስውር ናቸው። የአዋቂው ተግባር ስውሩን ማስወገድና የሚታየውን ለልጁ ሚዛን መተው ነው።

ስውሩን ለማስወገድ የሚረዱ ጥቂት ነገሮችን ልጥቀስ። የሕፃን ዳሌ ጠባብ፣ ጭንቅላቱም ከአካሉ አንጻር ከባድ ስለሆነ፣ በወገብ ብቻ የሚታጠቅ ቀበቶ ሊሾልክ ወይም ልጁን ሊዘቀዝቀው ይችላል። ስለዚህ ደረትንና ትከሻን ጭምር የሚይዝ ሙሉ መታጠቂያ ያስፈልጋል፤ የአውሮፓው ደረጃም ክብደታቸው እስከ 40 ኪሎ ግራም ለሆነ ተጠቃሚዎች የተለየ ዐይነት መድቧል። ሕፃን ገመድ ያዥ አይሁን። የአሸዋ ድንጋይ ዝናብ ሲጠጣ ስለሚደክምና መያዣው ሊሰበር ስለሚችል፣ እስኪደርቅ ይጠበቅ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ የጣት አጥንት ማደጊያው ገና ስላልጠነከረ፣ ጣትን ለማጠንከር ተብሎ የሚሰጥ ከባድ ልምምድ ለሕፃናት አይገባም፤ መጫወት ይበቃቸዋል።

ከሁሉ በፊት ግን መውረድን እናስተምር። ልጁ አንድ ሜትር ብቻ ይውጣ፤ «አውርደኝ» ይበል፤ ወዲያው ይውረድ። ይህ ደጋግሞ ይደረግ። ጥቅሙ ለልብ ብቻ አይደለም። በጣም ቀላል የሆነ ልጅ ክብደቱ የገመዱን ሰበቃ ማሸነፍ አቅቶት ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል፤ ይህንንም መሬት አጠገብ ሆኖ ማወቅ ይሻላል። ቃሉ ሁልጊዜ የሚፈጸም መሆኑን ያወቀ ልጅ ከፍ ለማለት ይደፍራል፤ መመለሻው በእጁ ነውና።

ዐለት መውጣት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በደብረ ዳሞ ገዳም ወንዶች ወደ 15 ሜትር የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ይወጣሉ። በገርዓልታ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ የሚወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ በእጁና በእግሩ ዐለቱን ይይዛል፤ እናቶችም ለክርስትና ሕፃናትን አዝለው ይወጡበታል። እኔ በወጣሁበት ጊዜ የመራኝ የአካባቢው ወጣት አንድም ጊዜ «አትፍራ» አላለኝም። ከሥሬ ሆኖ «ግራ እግርህን እዚህ» ይለኝና እስክረጋ ይጠብቀኛል። በመካከል ላይ «ይበቃኝ ይሆን?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እንደ ፈቀድህ፤ መንገዱ ለመውረድም ነው» አለኝ። ልጆቻችንን ያለ ገመድ እንዲህ ካለው ገደል እናውጣ ማለቴ አይደለም፤ የዚያ ወጣት አነጋገር ግን ለማንኛውም አሠልጣኝ ትምህርት ይሆናል።

ከዓመት በኋላ ልጄን ይቅርታ ጠይቄ ወደዚያው ስታኒጅ ተመለስን። ሁለት ሜትር ያህል ወጥታ «አውርደኝ» አለች፤ አወረድኋት። እንደገና ወጥታ ጥቂት ከፍ ብላ «አውርደኝ» አለች፤ አወረድኋት። ሰባት ጊዜ ያህል እንዲሁ አደረገች። የምትፈትነው ዐለቱን ሳይሆን እኔን እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። በዚያ ቀን ጫፍ አልደረሰችም፤ ማንም አላጨበጨበላትም። ዕቃችንን ስንሰበስብ ግን ገመዱን በትንንሽ እጆቿ ለመጠቅለል እየታገለች «አባዬ፣ ቅዳሜ እንመጣለን?» ብላ ጠየቀችኝ።